ድንኳን ውስጥ ቡና አይፈላም

ጥያቄ፦ «ዕድሜዬ 22 ነው። ከደሴ ወደ እንግሊዝ አገር የመጣሁት በ12 ዓመቴ ሲሆን አሁን የምኖረው ሊድስ ነው። ሦስት ጓደኞቼና እኔ በ2027 ሰኔ መጨረሻ በግላስተንበሪ የሙዚቃ ፌስቲቫል አምስት ቀን በድንኳን ለመሰንበት አስበናል። ጀበና፣ ትንሽ የከሰል ምድጃና ስንቅ እንይዛለን። አንዷ ጓደኛችን አስም አለባት፤ ሁለታችን ደግሞ የሰኔን ጾም እንጾማለን። እናቴ ‹ዕፅ ያስቀምሱሻል፣ ይዘርፉሻል› እያሉ እንቅልፍ አጥተዋል። በእውነት ሊያስፈራን የሚገባው ምንድን ነው?»

ምላሽ፦

እኅቴ፣ እናትሽ ወደ ፈሩልሽ ነገር እመለሳለሁ። ከጥያቄሽ ውስጥ እኔን ክው ያደረገኝ ግን ሌባውም ዕፁም ሳይሆን የከሰል ምድጃው ነው። የምሠራው በድንገተኛ ሕክምና ክፍል ነው፤ በበጋ ወራት ደግሞ በሙዚቃ ፌስቲቫሎች የሕክምና ድንኳን ተረኛ እሆናለሁ። ስለዚህ ከምድጃው ልጀምር። (የምጠቅሳቸው ቀናት፣ ወራትና ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሰኔ ነው ብላችሁ ሙቀት ብቻ እንዳትጠብቁ። ፌስቲቫሉ በሚካሄድበት በሰመርሴት አውራጃ ሌሊቱ ብዙ ጊዜ ወደ 10 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይወርዳል፤ ዝናብም አይታጣም። እንግዲህ አስቢው፦ ማታ ከመድረኩ ስትመለሱ ልብሳችሁ ርሷል። ቡናው ደጅ ተፈልቶ አቦልና ቶናው ተጠጥቷል። ምድጃው ላይ የቀረው ፍም አመድ ለብሷል፤ ጭስ የለውም። አንዳችሁ «እጃችንን እንኳ እናሙቅበት» ብላ ወደ ድንኳኑ ደጃፍ ታስጠጋዋለች፤ ዝናቡ ሲበረታ ዚፑ ይዘጋል። አመድ የለበሰ ፍም ግን አልሞተም። አየር ስለሚያጥረው በደንብ አይነድምና ካርቦን ሞኖክሳይድ የተባለውን ጋዝ ለሰዓታት ሲለቅ ያድራል። ጋዙ ቀለም የለውም፤ አይሸትም፤ ዐይን አያቃጥልም። በደማችን ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመውን ሄሞግሎቢንን ከኦክስጅን ይልቅ ከ200 ጊዜ በላይ በሚበልጥ ኃይል ይጣበቀዋል። ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽና የጉልበት መክዳት ይመጣል፤ ከዚያ እንቅልፍ።

«ከሰል አፍኗቸው ሞቱ» የሚል ወሬ ያልሰማ ኢትዮጵያዊ የለም። ሆኖም ብዙዎቻችን የሚገድለው ጭሱ ይመስለናል፤ ፍሙ ከጠራ በኋላ ወደ ቤት ቢገባ ችግር የለውም እንላለን። ይህ ስሕተት ብዙ ቤት አጥፍቷል። የጠራ ፍም ጭሱን ጨረሰ እንጂ ጋዙን አልጨረሰም። የአገር ቤት ጎጆ ቢያንስ በጣራውና በግድግዳው ክፍተት ይተነፍሳል፤ በዝናብ የራሰና ዚፑ የተዘጋ የናይለን ድንኳን ግን አይተነፍስም። ስለዚህ ከሰል፣ የባርቤኪው መጥበሻም ሆነ የጋዝ ምድጃ፣ የበራም የጠፋ የመሰለም፣ ወደ ድንኳን ውስጥም ወደ ደጃፉ መከለያም አይገባም። ጀበናውን ከወደዳችሁት ይዛችሁ ሂዱ፤ ከመሄዳችሁ በፊት ግን ፌስቲቫሉ ስለ እሳት የሚፈቅደውንና የሚከለክለውን አንብቡ። የተፈቀደ ምድጃ ካለም ከድንኳኖች ራቅ ብላችሁ ሜዳ ላይ አፍሉ። በባትሪ የሚሠራ የካርቦን ሞኖክሳይድ ማንቂያ በጥቂት ገንዘብ ይገኛል፤ ግዙት፤ ነገር ግን እሱ አለ ተብሎ እሳት አይገባም። ለብርዱ መፍትሔው ከመሬት የሚለይ ወፍራም ፍራሽ፣ ጥሩ የመኝታ ከረጢት፣ ደረቅ ካልሲና የሱፍ ቆብ ነው። ጋቢ ያላት ጋቢዋን ትያዝ፤ ከሚሸጠው ብርድ ልብስ ሁሉ እሱ ይሻለኛል።

ምድጃውን ያስቀደምሁበት ሌላም ምክንያት አለኝ። በጋዝ የታፈነ ሰው ራሱን ያመዋል፣ ያስመልሰዋል፣ ይወላገዳል፣ ይተኛል። በፌስቲቫል ላይ እንዲህ ያለ ሰው ያየ ሁሉ ምን እንደሚል ታውቂያለሽ፦ «ሰክሮ ነው፣ ይተኛ ተዉት።» ከማውቃቸው ንግግሮች ሁሉ አደገኛው ይህ ነው። ሙቀት የመታው ሰው እንደ ሰካራም ይቀባዥራል። ስኳሩ የወረደበት የስኳር ሕመምተኛም እንዲሁ። የማጅራት ገትር ሕመም ሲጀምር ከስካር ማግሥት ራስ ምታት የሚለይበት ነገር ጥቂት ነው። ኤክስታሲ የሚባለውን ዕፅ ወስዶ ሊትር በሊትር ላይ ውኃ የጠጣ ሰው ደሙ ውስጥ ያለው ጨው ቀጥኖ አንጎሉ ያብጣል፤ እሱም መጀመሪያ ላይ የሰከረ ይመስላል። በአልኮል ብቻ የሰከረም ቢሆን በጀርባው ተኝቶ በትውከቱ ሊታፈን ይችላል።

ስለዚህ አራታችሁ ከአሁኑ ተስማሙ። ከመካከላችሁ የታመመች ብቻዋን አትቀርም። ጠርታችሁና ትከሻዋን ነካክታችሁ ካልነቃች፣ አተነፋፈሷ ከዘገየ ወይም ካንኮራፋ፣ ሰውነቷ እየነደደ ከቀባዠረች፣ ካንቀጠቀጣት፣ አንገቷን ማጠፍ ካቃታት ወይም ብርሃን ካስጠላት፣ በጎኗ አስተኝታችሁ አንዳችሁ ሐኪም ለመጥራት ትሩጥ። በአንድ ድንኳን ያደሩ ሁሉ በአንድ ጊዜ ራሳቸውን ካመማቸው መጀመሪያ ሁላችሁም ውጡ፤ ምርመራው ከዚያ በኋላ ይደርሳል።

ለእኛ ቆዳ የተለየ ማሳሰቢያ አለኝ። በመጽሐፍ «ከንፈሩ ሰማያዊ ይሆናል»፣ «ቀይ ሽፍታ ይወጣል» ተብሎ የተጻፈው በነጭ ቆዳ ላይ ነው። በጥቁርና በጠይም ሰው ላይ የኦክስጅን እጥረት አመድማ ሆኖ ነው የሚታየው፤ እሱንም በከንፈር ውስጠኛ ክፍል፣ በድድና በጥፍር ሥር ፈልጊው። የማጅራት ገትርን ሽፍታ ደግሞ በውስጥ እጅ፣ በውስጥ እግር፣ በላንቃና የዐይን ሽፋንን ገልብጠሽ ተመልከቺ። ነጥቡን በብርጭቆ ጎን ጫን ስትዪው ካልጠፋ አደገኛ ነው። ሽፍታው እስኪወጣ ግን አትጠብቂ፤ ብዙ ጊዜ ዘግይቶ ነው የሚመጣ፤ ጨርሶ ላይመጣም ይችላል።

ሐኪሙ የት ነው? በግላስተንበሪ ሩቅ አይደለም። ከ1979 ጀምሮ የሕክምናውን ሥራ የያዘው ፌስቲቫል ሜዲካል ሰርቪስስ የተባለ በጎ አድራጎት ድርጅት ነው፤ ሐኪሞች፣ ነርሶች፣ ኤክስሬይና ፋርማሲ ያሉት የሜዳ ሆስፒታል ይተክላል። ገንዘብ አይጠየቅም። እንደገባችሁ ከድንኳናችሁ እስከ ቅርቡ የሕክምና ጣቢያ አንድ ጊዜ በእግራችሁ ሂዱና መንገዱን ልመዱት። ወገኖቻችን ወደ ሐኪም ከመሄድ የሚያመነቱበትን ምክንያት አውቀዋለሁ፤ ለቤተሰብ ይነገራል፣ ለፖሊስ ይነገራል፣ የመኖሪያ ፈቃዴ ላይ ጣጣ ያመጣል ይላሉ። ሐኪም የታካሚውን ምስጢር ይጠብቃል። ወደ ከተማ ሆስፒታል መወሰድ ቢያስፈልግም በእንግሊዝ የድንገተኛ ክፍል ሕክምና የመኖሪያ ፈቃድ ላለውም ለሌለውም በነፃ ነው። የወሰዳችሁትን ነገር በእውነት ንገሩን፤ እኛ የምንፈልገው ፍርድ ሳይሆን ትክክለኛውን መድኃኒት ነው።

ይህን ካልሁ ወደ እናትሽ ስጋት ልምጣ። ዕፅ አለ፤ የለም ብዬ አልሸነግላቸውም። አንዱ ትልቅ አደጋ ሻጩ የነገረሽና ክኒኑ ውስጥ ያለው ነገር የተለያየ መሆኑ ነው። ዘ ሉፕ የተባለው ድርጅት በ2016 በሁለት የእንግሊዝ ፌስቲቫሎች የዕፅ ናሙና ለሕዝብ መመርመር የጀመረውም ለዚሁ ነው። የእኔ ምክር አትንኪው ነው። መጠጥሽን ራስሽ ቅጂ ወይም ሲቀዳ እዪ፤ አስቀምጠሽው ከሄድሽ መልሰሽ አትጠጪው። ጓደኞችሽን ከጠጡት በላይ የሰከሩ ሆነው ካገኘሻቸው ያው ሕጉ ይሠራል፤ ሐኪም። አንዲት ሴት የተደፈረች ወይም የተተናኮሏት እንደሆነም የሕክምናው ድንኳን ክፍት ነው፤ ፖሊስ ይጠራ ወይስ አይጠራ የሚለውን የምትወስነው ራሷ ናት። ጫት ደግሞ በብሪታንያ ከሰኔ 24 ቀን 2014 ጀምሮ የተከለከለ ነው። «የባህል ነገር ነው» የሚለው ማስረጃ በር ላይ አይሠራም፤ ከዚያም በላይ አምስት ሌሊት እንቅልፍ ላጣ ሰው ጫት መጨመር ምን ይባላል? ስርቆትን በሚመለከት ደግሞ ውድ ዕቃ ቤት ይቅር፤ ገንዘብና ስልክ ሌሊት በመኝታ ከረጢት ግርጌ ይደር። የድንኳን ዚፕን መቆለፍ «እዚህ ዕቃ አለ» ብሎ መለጠፍ ነው።

የክትባቱን ነገር ዛሬውኑ ጀምሩት። የ2026ቱ ፌስቲቫል እርሻው እንዲያርፍ ስለማይካሄድ ጊዜ አላችሁ። በ2016 በጋ በእንግሊዝ የኩፍኝ ሕመም በሙዚቃ ፌስቲቫሎች በኩል ተዛምቶ የጤና ባለሥልጣናት ማስጠንቀቂያ እስከ ማውጣት ደርሰው ነበር። ይህ አንቺን በቀጥታ ይመለከታል። በኢትዮጵያ ሁለተኛው የኩፍኝ ክትባት በመደበኛው መርሐ ግብር የገባው በ2019 ነው፤ አንቺ ሕፃን ሳለሽ በመደበኛነት ይሰጥ የነበረው አንድ ብቻ ነበር። በዘመቻ ተጨማሪ ወስደሽ ሊሆን ይችላል፤ ማስረጃው ግን ደሴ የቀረ ካርድ ላይ ነው። የሁለት ጊዜ ክትባት ማስረጃ ከሌለሽ የቤተሰብ ሐኪምሽን ኤምኤምአር የተባለውን ጠይቂ፤ በማንኛውም ዕድሜ በነፃ ይሰጣል፤ ቀድሞ የተከተበ ሰው ቢደግመው ጉዳት የለውም። እርጉዝ የሆነች ግን አትወስደውም።

የማጅራት ገትሩም እንዲሁ ነው። በኢትዮጵያ ከ2013 እስከ 2015 በዘመቻ የተሰጠው ክትባት የሚከላከለው «ኤ» የተባለውን ዓይነት ብቻ ነው፤ እዚህ አገር ሰው የሚጎዱት ሌሎቹ ናቸው። ከዓይነቶቹ አራቱን (ኤ፣ ሲ፣ ደብልዩና ዋይን) የሚከላከለውን ክትባት እንግሊዝ ትምህርት ቤት ሳለሽ ሰጥተውሽ ሊሆን ይችላል፤ ካመለጠሽ 25 ዓመት ሳይሞላሽ በነፃ ማግኘት ትችያለሽ።

አሁን ወደ መሬቱ እንውረድ። ግላስተንበሪ የሚካሄድበት ስፍራ፣ ፒልተን ያለው ወርዚ እርሻ፣ የወተት ላሞች እርሻ ነው። በ1970 ማይክል ኢቪስ የመጀመሪያውን ዝግጅት ሲያደርግ መግቢያው አንድ ፓውንድ ነበር፤ ከእርሻው ወተት በነፃ ይታደል ነበር። አሁን ወደ 200 ሺህ ሰው ይሰፍርበታል፤ መሬቱ ግን ያው የከብት ግጦሽ ነው። ጭቃው በበረታበት በ1997 ከፌስቲቫሉ የተመለሱ ሰዎች ኢ ኮላይ ኦ157 በተባለ ባክቴሪያ ታመሙ፤ መነሻው በከብት እዳሪ የተበከለ ጭቃ እንደነበር መርማሪዎቹ ደምድመዋል። ይህ ባክቴሪያ ደም የተቀላቀለበት ተቅማጥ ያመጣል፤ አንዳንዱንም ኩላሊቱን ይጥለዋል። እኛ በእጃችን ነው የምንበላ። ጭቃ የነካ እጅ እንጀራ ይቆርሳል፣ ኮሎ ይዘግናል፣ ጉርሻም ያጎርሳል። የአልኮል ጄል ጭቃ ባለበት እጅ ላይ ብዙ አይረዳም፤ ትውከትና ተቅማጥ የሚያመጣውን፣ በካምፕ ውስጥ እንደ ሰደድ እሳት የሚዛመተውን ኖሮቫይረስንም በቅጡ አይገድልም። ሳሙናና ውኃ ነው መፍትሔው፤ ካልተገኘ ኮሎውን በማንኪያ ብሉት፤ ጉርሻውም ለአምስት ቀን ይቅር።

እግርም አለ። እንደ 2005 እና 2016 ባሉ የዝናብ ዓመታት ሰዎች ቀን ከሌሊት ውኃ ባዘለ ጫማ ይውላሉ። ቆዳው ይገረጣል፣ ይደነዝዛል፣ ይላጣል። ረጅም የጎማ ቦቲ ያዙ፤ ለሌሊት ብቻ የሚሆን አንድ ጥንድ ካልሲ በፕላስቲክ ጠቅልላችሁ ለይታችሁ አስቀምጡ፤ ማታ ማታ እግራችሁን አድርቃችሁ አናፍሱት። ድንኳኑንም ከሸለቆው ግርጌ አትትከሉ፤ በ2005 ጎርፍ ድንኳኖችን የዋጠው እዚያ ነው።

ዝናቡ ሲቀር ደግሞ ፀሐዩ አለ። በ2017 በሮቹ በተከፈቱበት ረቡዕ በእንግሊዝ ከ1976 ወዲህ ትልቁ የሰኔ ሙቀት ተመዘገበ፤ የለንደኑ ሂዝሮው 34.5 ዲግሪ ደርሶ ነበር። በዚያ ወቅት ፀሐይ የምትወጣው በአገሩ ሰዓት ከማለዳው 5 ሰዓት ገደማ በመሆኑ ድንኳኑ ገና ቁርስ ሳይደርስ ምጣድ ይሆናል። የቧንቧ ውኃው ንጹሕና በነፃ ነው፤ ከ2019 ጀምሮ የላስቲክ ጠርሙስ ውኃ አይሸጥም፤ ስለዚህ ኮዳ ያዙ። ውኃ የሚቀዱላችሁ ብዙዎቹ የወተርኤይድ በጎ ፈቃደኞች ናቸው፤ ድርጅቱ በአገራችንም ጉድጓድ ሲያስቆፍር የኖረ ነው። ብዙ ሴቶች መጸዳጃ ቤቱን ፈርተው ውኃ ይቀንሳሉ፤ ሁለተኛው ቀን ላይ የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ይዘው ይመጡልናል። ሽንትሽ ከጠቆረ ጠጪ። ልክ አልፈሽም አትጠጪ፤ ጥማትሽን ተከተዪ።

ጾሙ ከዚህ ጋር ይያያዛል። የሰኔ መጨረሻ ብዙ ጊዜ በጾመ ሐዋርያት ውስጥ ይውላል። ሥጋና ወተት መተው ምንም አይጎዳችሁም፤ ፌስቲቫሉ ላይ የጾም ምግብ ሞልቷል። የሚያሳስበኝ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውኃ ሳይቀምሱ በፀሐይ ላይ መዝለል ነው። ሁለቱን አንድ ላይ አታድርጓቸው፤ ከንስሐ አባታችሁ ጋር አስቀድማችሁ ተነጋገሩበት። ለስንቅ በሶን የሚያህል የለም። ገብሱ ተቆልቶ ስለተፈጨ አይበላሽም፤ ጨው ጣል አድርጋችሁ በንጹሕ ውኃ ስትበጠብጡት ላብ የወሰደውን ይመልሳል። ኮሎ፣ የተቆላ ሽምብራ፣ ዳቦ ቆሎና ለውዝ ያዙ። የተሠራ ወጥ ግን አትያዙ፤ ማቀዝቀዣ በሌለበት ሁለተኛው ቀን ላይ ሽሮውም መርዝ ነው። ጤና ጣቢያ የምታውቁትን የሕይወት አድን ንጥረ ነገር፣ ኦአርኤሱን፣ ጥቂት ከረጢት ግዙ። ካለቀ በአንድ ሊትር ንጹሕ ውኃ ስድስት ልሙጥ የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ ልሙጥ የሻይ ማንኪያ ጨው ይበቃል።

አስም ያለባት ጓደኛችሁ ሰኔ የሣር ብናኝ የሚበዛበት ወር መሆኑን ትወቅ። ከአገር ቤት ስንመጣ የሌለብን የብናኝ አለርጂ ከዓመታት በኋላ ሲይዘን አይቻለሁ፤ ስለዚህ «እኔ የለብኝም» አትበሉ። በየቀኑ የምትስበውን መድኃኒት ለበዓል ብላ አታቋርጥ። ትንፋሽ ሲያጥራት የምትስበው ሰማያዊው መንፊያ ድንኳን ውስጥ ሳይሆን ኪሷ ውስጥ ይዋል፤ ሁለተኛው አንቺ ዘንድ ይሁን። ከሙቀት በኋላ ነጎድጓድ ሲመጣ ብናኙ ተሰባብሮ ወደ ሳንባ ስለሚገባ ያን ጊዜ መጠለያ ውስጥ ትቆይ። ዐረፍተ ነገር ለመጨረስ ትንፋሽ ካጠራት ጊዜ ሳታባክኑ ሐኪም ጥሩ።

ስለ ጆሮ የሚያስብ ወጣት እስካሁን አላጋጠመኝም። 85 ዴሲቤል ድምፅ ለስምንት ሰዓት ይቻላል፤ ከዚያ በላይ በየሦስት ዴሲቤሉ ጊዜው በግማሽ ይቀንሳል፤ 100 ዴሲቤል ላይ 15 ደቂቃ ይቀርሻል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2022 ለሙዚቃ ዝግጅቶች ያወጣው ጣሪያም በአማካይ ይኸው 100 ነው። የሙዚቃ ጆሮ መድፈኛ ግዙ፤ ዘፈኑን አያጠፋውም። በማግሥቱ የሚጮኽ ጆሮ የተጎዳ ጆሮ ነው፤ ከድምፅ ማጉያው ራቁ።

በሕዝቡ መካከል ደግሞ ይህን ዕወቁ፦ ሰው በብዛት የሚሞተው ተረግጦ ሳይሆን ደረቱ ተጨምቆ መተንፈስ አቅቶት ነው፤ ቆሞ እያለም። በዴንማርክ ሮስኪልድ በሰኔ 30 ቀን 2000 ዘጠኝ ወጣቶች፣ በ2021 በሂውስተን አስትሮወርልድ ዐሥር ሰዎች የሞቱት በመጨናነቅ ነው። ከአራቱም አቅጣጫ ሰው ከነካሽና እጅሽን ወደ ፊትሽ ማንሣት ካቃተሽ መውጫው ጊዜ አልፏል፤ ከዚያ በፊት ውጪ። ከተያዝሽ ክንዶችሽን ደረትሽ ፊት አድርጊ፤ አትጩኺ፤ ትንፋሽሽን ቆጥቢ። ማዕበሉ ሲገፋ አትቋቋሚው፤ ሲመለስ በአግድም ወደ ዳር ተንቀሳቀሺ። የወደቀ ካለ ወዲያው አንሱት። ስልክ ላይሠራ ስለሚችል የመገናኛ ቦታችሁን ጠዋት ላይ ተስማሙ።

ከተመለሳችሁ በኋላም ዐሥራ አምስት ቀን ያህል ራሳችሁን ተከታተሉ። ኢ ኮላይ ብዙ ጊዜ ከሦስትና ከአራት ቀን በኋላ፣ ኩፍኝ ከዐሥር ቀን ገደማ በኋላ ነው የሚነሣ። ደም ያለበት ተቅማጥ ከታየ ሆድ የሚያስር ክኒን አትውሰዱ፤ መርዙን ውስጥ ያስቀራል፤ ሰገራው ይመርመር። ትኩሳትና ሽፍታ ከመጣ ወደ ክሊኒክ ዝም ብላችሁ አትግቡ፤ ሕፃናትና እርጉዞች ያሉበት መጠበቂያ ክፍል ነው። መጀመሪያ ወደ 111፣ የእንግሊዝ የጤና ምክር ስልክ፣ ደውላችሁ ከፌስቲቫል መምጣታችሁን ተናገሩ።